በዳማ ሳጥን ላይ የወደቀው ግዝት

ጥር 14 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሞላሌ

ይህን የምናገረው እኔ እምሩ ነኝ፤ ብዕሩን የያዘው የልጄ የትዕዛዙ ቀኝ እጅ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። በሬ ያለው ሰው ራሱ ሞፈር አይጎትትም። ይህን ልጅ አሥረኛ ክፍል ድረስ ያስተማርኩት እንዲጽፍልኝና እንዲያነብልኝ ነው፤ ሌላ ምን ጠቀመኝ?

የማስጽፍበትም ምክንያት ይጻፍ። ነገ ስሞት፣ ዘመድ ለውርስ ሲሰበሰብ፣ ዳማን ማን እንደገደላት ይታወቅ። ዳማ መኪናዬ ናት። ቀይ ናት፤ ፊቷ ሰው፣ ኋላዋ ጭነት፣ ባለ ቱርቦ። ዳማ ፈረሴ የሞተች ጊዜ ስሟን ለዚህች አወረስኳት። ከሞላሌ ጣርማበር፣ ከሞላሌ መሐል ሜዳ፣ በጉንም ገብሱንም፣ ሙሽራውንም ሬሳውንም ያመላለሰች እሷ ናት። ይህ ቤት የቆመው በእሷ ነው።

ዛሬ ሞተች። ቁልፉ ቢዞር ዝም። በያጁ ዳኜ ኋላዋ ላይ የበግ ማገጃ ብረት ሲበይድላት፣ የብየዳው ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሯ ውስጥ ገብቶ አቃጠለው። የዛሬ መኪና ኮምፒውተር አላት። ናፍጣውን የሚመጥን፣ ቱርቦውን የሚያዝ፣ እጅ የምታህል ሳጥን ናት፤ አንጎሏ በሏት። ሲበየድ የባትሪው ሽቦ መፈታት ነበረበት አሉ። አልተፈታም። ሾፌሩ ማን ነው? ጻፍ፦ ትዕዛዙ አልፈታውም።

ቀና ብሎ አየኝና «አባባ፣ ልፍታው ብዬዎት ነበር» አለ።

ብሏል። እኔም ገበያው ሊበተን ነው፣ አትንቀርፈፍ ብያለሁ። ታዲያ? ጌታው አስቸኮለው ተብሎ ሾፌር ሥራውን ይረሳል?

አንብብልኝ አልኩት። አነበበ።

ጥር 17

ገበያ ዋልኩ። አስቻለውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪና አለው። አሮጌ፣ ኮምፒውተር የሚባል የሌላት፣ እንደ ሳምባ በሽተኛ እያሳለች የምትሄድ። እስከ ዛሬ የዳማን አቧራ ሲበላ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ በሕዝብ ፊት ጮኸ።

«ጋሽ እምሩ! ዳማዎ ሣር አልበላ አለች አሉ! ጠበል ሞከሩላት?»

ሰው ሳቀ። ደገመ።

«ትዕዛዙ፣ አንተ ልጓሙን ያዝ፣ እኔ ከኋላ ልግፋልህ!»

ያንንም ሳቁ። ትዕዛዙም ሳቀ። ጥርሱን አይቼዋለሁ። ማታ ሚስቱ ደብሪቱ ያቀረበችለትን እንጀራ ከፊቱ አንስቼ ለውሻው ሰጠሁት። ጥርስህ ዛሬ ሥራውን ጨርሷል አልኩት። ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ ሳህኑን አነሳች።

እሱም ይጻፍ። ጻፍከው? እስቲ አንብብ።

ጥር 23፣ አዲስ አበባ

በግ ሸጬ መጣን። ዳማ በሰው መኪና ተጭና መጣች፤ ያን ቀን ያየ ዓይኔ ይጥፋ። የአፈወርቅ ጋራዥ ነን። አፈወርቅ የመኪና ኮምፒውተር አዋቂ ነው ይሉታል። ቀጭን ነው፤ ክንዱ የደብተራ ክንድ።

የተቃጠለውን ሳጥን ከፍቶ አሸተተና አስቀመጠው። «ይህ አልቋል አባቴ» አለ።

ቀጥሎ ከመደርደሪያ አንድ አወረደ። «ያገለገለ ነው። ከዚህችው ዓይነት መኪና የወጣ፣ ፋብሪካዋ ራሱ የሠራው። ከነቁልፉ ነው። ደጋውንም ቆላውንም ያውቃል። ከፍታ ላይ አየር ሲሳሳ ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል።»

ትዕዛዙ ቸኩሎ «አባባ፣ ይኼ ነው የሚሻለን» አለ።

«መኪናዋ ምን ሆና ነው ይህ የወጣው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ተገልብጣ።»

«ሰው ሞቷል?»

አፈወርቅ ልጄን አየና «ሾፌሩ» አለ።

«የሬሳ አንጎል ለዳማ አላስገባም!»

ሌላ አወጣ። አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። ፋብሪካዋ የሠራው አይደለም፤ ሌሎች ለሁሉም መኪና እንዲሆን የሠሩት ነው። «ይህ እንደ ልብስ ነው» አለ። «በልክ ይሰፋል። በላፕቶፕ ገብቼ ቱርቦውን ንፋ ብለው ይነፋል፣ ተው ብለው ይተዋል። ግን ልኩ የሚወሰደው እዚያው እናንተ አገር ነው። እዚህ ያስተካከልኩት ሞላሌ ላይ ልክ አይሆንም። አየራችሁ ስስ ነው። አየር ሲሳሳ ቱርቦው የታዘዘውን ጉልበት ለማምጣት ከዐቅሙ በላይ ይሽከረከራል። ይግላል። በመጨረሻ ይሰበራል።»

«የመንዝ አየር ነው ስስ? የሰባ በግ የሚያወጣ አየር? እናንተ ጭስ የምትስቡት ናችሁ ወፍራም አየር ያላችሁ?»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

«ንገረኝ፣ ዳገት ላይ የትኛው ይቀድማል?»

«ለጊዜው? አዲሱ።»

«ለጊዜው የምትለውን ለራስህ ያዛት። አዲሱን ግጠም።»

ትዕዛዙ ክንዴን ያዘኝ። «አባባ፣ ስለ እግዚአብሔር። የምነዳት እኔ ነኝ።» ክንዴን አስለቀቅኩ። የሚነዳውማ እሱ ነው፤ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጋሪ የሚነዳ ሰው ፈረስ አይመርጥም።

ጥር 28፣ ሞላሌ

ደስ ብሎኛል! ጻፍ፣ ደስ ብሎኛል።

ከጣርማበር ወዲህ ባለው ዳገት አስቻለውን ደረስንበት። ዳማ አንዴ እህ አለችና አለፈችው። መስኮት ከፍቼ ከዘራዬን አወጣሁና «አስቻለው! ሳልክን አክመው!» አልኩት። ኋላችን የጫንናቸው ሰዎች እልል አሉ። ሠላሳ ዓመት ከላዬ ወረደ፤ ፈረስ ጉግስ ላይ ያለሁ መሰለኝ።

ትዕዛዙ ግን እንደ ሬሳ ተቀምጦ ነዳ። ዓይኑ ከሙቀቱ ምልክት አልተነቀለም። አፈወርቅ ገመድ ሰጥቶታል፤ ሞላሌ ስትደርስ በላፕቶፕ አገናኝና በስልክ እነግርሃለሁ፣ የቱርቦውን ትእዛዝ ዝቅ እናደርገዋለን ብሎታል። የምን ዝቅ!

የካቲት 8

ተናድጃለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ጻፍ። ይህ ልጅ ሳይነግረኝ ከትምህርት ቤት ላፕቶፕ ተውሶ፣ አፈወርቅ በስልክ እየነገረው፣ የዳማን ጉልበት ቀነሰ። ዛሬ አስቻለው አለፈን። በሚያስለው መኪናው! እጁን አውጥቶ ባረከን።

ቤት ስንገባ «አንተስ ስንት ዓመት አግብተህ ልጅ ያላሳየኸኝ ሙክት ነህ፤ መኪናዬን ለምን እንዳንተ ታደርጋታለህ?» አልኩት። ደብሪቱ ነበረች። ትስማ።

«አባባ፣ አሁን ነው ጤነኛ የሆነችው። ሙቀቷ ወርዷል፤ ጭስ የላትም» አለኝ።

መልሰው አልኩት። ላፕቶፑን ከፍቶ፣ እኔ ከራሱ ላይ ቆሜ፣ እንደነበረው መለሰው። ሲመልሰው ከንፈሩን ነክሶ ነበር።

ሙክት የሚለውን ጽፈሃል? አንብበው።

የካቲት 10

ዛሬ ሳጥኑን ዘጋሁት።

የሣሩን ምድር፣ ጓሳን፣ ማን ይጠብቀዋል? ዘበኛ? ጓሳን አባቶቻችን ሲዘጉት በቃል ነው የዘጉት። ስንት ክረምት ሣሩ ወገብ እስኪደርስ ቆሞ ይውላል፤ ጎጆው የሚያፈስበት ደሃ እንኳ አንዲት ጭብጥ አያጭድም። ግዝት ስላለበት ነው። ሣርን የጠበቀ ግዝት አንዲት ሳጥን አይጠብቅም?

ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባቴን መምሬ አስፋውን ለመንኳቸው።

«ለብረት ግዝት? ምነው ጋሽ እምሩ» አሉኝ።

«ለብረቱ አይደለም፤ ብረቱን ለሚነካ እጅ ነው።»

አመነቱ። የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ከጣርማበር ማን በነፃ እንዳመጣው አስታወስኳቸው። በደጀ ሰላም ሰው ቆሞ እየሰማ ተናገሩ፦ የእምሩን መኪና ሳጥን የከፈተ፣ የነካ፣ ያስነካ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ ይሁን፤ እምሩ ራሱ እዚህ ቆሞ ይፈታ እስኪል ድረስ። ውጉዝ ከመ አርዮስ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ትዕዛዙም አሜን አለ። ከንፈሩን አይቻለሁ።

የካቲት 16

ሁለት ጊዜ መሐል ሜዳ። ጭነት ሙሉ። አስቻለው ኋላ። ጥቁር ጭስ አለ፤ ትንሽ። ትዕዛዙ ታፏጫለች ይላል። ደስ ያላት ታፏጫለች።

የካቲት 19

ጭሱ በረታ። ደብሪቱ ያጠበችው ነጠላ ገመድ ላይ ጠቆረ። ትዕዛዙ ሳህን ላይ ዘይት አሳየኝ፤ ከቱርቦው የወጣ ነው ይላል። መኪና ዘይት ያወጣል። ሰው ላብ አያወጣም?

የካቲት 22

ዛሬ ረጅም ነው፤ መብራቱን አቅርብ።

ከጓዳ ሲያወሩ ሰማኋቸው። የኔ ጆሮ ገና ነው።

«ደብረ ብርሃን ወንድሜ ጋ እንሂድ» ትለዋለች። «የሰው መኪና ትነዳለህ። ምን አለህ እዚህ?»

«ሌላ ሾፌር ያስቀምጣሉ። ያ ሾፌር ሰው ይዞ ገደል ይገባል። እኔ ቢያንስ አውቃታለሁ።»

«እንግዲያው በድብቅ ቀንሰው። ማን ያይሃል?»

«ግዝት እኮ ነው ደብሪ። ብነካው ከሰው አልቀበርም። ባልነካው ትሰበራለች።»

ሰማሁና ደስ አለኝ። ግዝት የሚፈራ ልጅ አሳድጌያለሁ። ሌላው ቢቀር ይህን አስተምሬዋለሁ።

ቀጥሎ መጣና እግሬ ሥር ተንበረከከ። ያለውን እንዳለው ይጻፍ፦

«አባባ፣ ቱርቦው ዘይት መላስ ጀምሯል። ከተሰበረ ሞተሩ የራሱን ዘይት ይጠጣና ቁልፍ ቢነቀልም አይቆምም። አፈወርቅ ደውሎ እስኪሰበር አትጠብቁ ብሏል። ግዝቱን ያንሱልኝ። እኔን ካላመኑኝ እርስዎ ቆመው አፈወርቅ ይክፈተው፤ እኔ ዞር እላለሁ። ሰው እየጫንኩ ነው አባባ። እባክዎ።»

እኔም መለስኩለት። «ቀኝ እጅህ ብታሰናክልህ ቆርጠህ ጣላት ይላል ወንጌሉ። እጅህ ሳጥኑን ሳጥኑን ካለችህ ቁረጣት እንጂ እኔን አትነዝንዘኝ።»

ጻፍ አልኩት። ጻፈ። አንብብ አልኩት። የሱን ልመና አነበበ፤ መልሴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጨርስ አልኩት። ጨረሰ።

የካቲት 26

ነገ ጓሳ ይከፈታል። አገር ሁሉ ማጭዱን እየሳለ ነው። ሣር የሚጭን መኪና የኔና የአስቻለው ብቻ። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጭናል። ዛሬ አይነበብም፣ ተኛ።

መጋቢት 7

ይህን የምናገረው እኔ እምሩ ነኝ። ብዕሩን የያዘችው የልጄ ሚስት ደብሪቱ ናት።

እንድትጽፍ ስጠራት «የተናገሩትን ሁሉ እጽፋለሁ አባባ፤ አንዲት ቃል አላስቀርም» አለች። አታስቅሪ አልኳት። የምደብቀው የለኝም።

የጓሳ ቀን የሆነው እንዲህ ነው። ሣር ጫንን፤ ከሣሩ ላይ ሰው ተጫነ። መመለሻው ላይ ያለውን ዳገት ስንይዝ አስቻለው ፊታችን ነበር። እለፈው አልኩት። «አባባ፣ ድምፅዋን አልሰሙትም?» አለ። እለፈው አልኩት። አለፈው። ከላይ ያሉት እልል አሉ። ዳገቱ ጫፍ ላይ አቡጀዴ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ከኋላችን ጭሱ አገር አለበሰ፤ ዳማ ማንም ሳይነካት መጮህ ጀመረች።

ቁልፉን ነቀለ። ቁልፉ በእጁ ነው፣ ሞተሩ ይጮኻል። ማርሽ አስገብቶ በፍሬን ሊያንቃት ሞከረ፤ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ሰው ሁሉ ከሣሩ ላይ እየዘለለ ወረደ። አንዱ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረገ። አስቻለው ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ መጣ።

«ራቁ! ዘይቷን ጨርሳ ትሙት፣ ተዋት! ትዕዛዙ፣ ተዋት ወንድሜ! ብረት ናት!»

ብረት ናት ይላል። የሰው መኪና ሲሞት ማየት ለሱ ምኑ ነው። እኔ ልጄን «ቆመህ ታያለህ? አስቁማት!» አልኩት።

ኮፈኑን ከፈተ። አየር የሚያስገባውን የጎማ ቱቦ መንጭቆ አወጣ። የሚተነፍሰውን ነገር ትንፋሽ ከነሱት ይሞታል፤ ገብቶታል። ባናውን ከትከሻው አውርዶ በቀኝ እጁ ጠቀለለና በቱርቦው አፍ ላይ ጫነው። ቱርቦው ባናውን ዋጠ። ባናውን ሲውጥ እጁን ይዞት ገባ።

ዳማ ጸጥ አለች። እሷ ጸጥ ስትል የልጄ ጩኸት ተሰማ።

አስቁማት አልኩት እንጂ እጅህን አስገባ አላልኩትም።

አስቻለው ሣሩን ሜዳ ላይ ደፍቶ ልጄን በሱ መኪና ወደ ሆስፒታል ይዞት ሄደ። ደብሪቱ «እርስዎ የት ነበሩ? እሱም ይጻፍ?» አለችኝ። ይጻፍ። ከዳማ ጋር ቀረሁ። ሣሩ የሰው ነው፤ ጎማዋ አለ፣ ባትሪዋ አለ። ለሌባ ጥዬ ልሂድ? ሲነጋ ውርጭ ሠርቶብኝ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

መጋቢት 16

ትዕዛዙ መጣ። ከአንጓው ላይ ተቆርጧል። ቀኙ።

ወንድ ልጅ ተቀምጦ አይበላም ብዬ ብዕር በግራው አስያዝኩት። እንደ ዶሮ ጫረ። እንደገና አልኩት። ጫረ። በሦስተኛው ብዕሩን አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደብሪቱ ብዕሩን አንስታ ጉያዋ ከተተች።

መጋቢት 20

ጠያቂ አይቋረጥም። ሽሮውን ጨረሱት። ከደጅ ሲወጡ የሚሉትን እሰማለሁ።

«ሳጥኗን ነክቷት ነው እንጂ!»

«ታዲያስ። ግዝት መች ዝም ይላል። የነካችዋን እጅ ለይቶ ቆረጣት።»

«አባቱ ምን ያድርጉ ምስኪን፣ በደጀ ሰላም አስጠንቅቀው ነበር።»

ምስኪን አሉኝ። ሴቶቹ ገበያ ላይ ከደብሪቱ ጎን ቅቤ መሸጥ ትተዋል። ውጉዝ ያለበት ቤት ቅቤ ማን ይገዛል?

ትዕዛዙ ማታ ጠራኝ። ከመጣ ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። «አባባ፣ አልነካሁትም። እርስዎ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ በደጀ ሰላም ቆመው አልነካም ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎ።»

አየዋለሁ አልኩት።

ደብሪቱ፣ ምን ታይኛለሽ? አየዋለሁ ብያለሁ፤ ጻፊ።

መጋቢት 29

ዳማን ሸጥኩ። የገዛት አስቻለው ነው። ሞተሯ ተርፏል፤ ቱርቦ ይቀየርላታል። ግን ግዝቱ ካልተፈታ ሠራተኛው ሁሉ አልነካም አለ። አስቻለው ደጄ መጥቶ «ጋሽ እምሩ፣ ግዝቱን ያንሱልኝና እንጨርስ» አለኝ። እሺ አልኩት። መኪና ያለ ሥራ ቆማ ስትዝግ ማየት አልችልም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆምኩ። ሰው ሞልቷል። ይፈታ አልኩ። መምሬ አስፋው ፈቱ። ፈተው ሲያበቁ፣ ሰው እየሰማ፣ «ጋሽ እምሩ፣ እንግዲህ ለነፍሱም ይሁን፤ ልጁ ነክቷታል?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አልነካም ብል፣ እጁን ምን በላው ይሉኛል። ግዝቱን ማን አስጣለ ይላሉ። አስቁማት ያለው ማን ነበር ይላሉ። ዝም አልኩ። መምሬ ዝምታዬን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁና ለልጁ ንስሐ ይሰጠዋል አሉ።

ዝምታ ውሸት አይደለም። ነክቷል አላልኩም።

ሚያዝያ 4

አፈወርቅ ከአዲስ አበባ መጣ። ከአስቻለው ግቢ ዳማ ጋ ተቀምጦ ላፕቶፑን አገናኘ። በአንድ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። አለቀ። ይኸው ነው። ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ቁልፍ አዙሮ፣ ነካ ነካ። ዳማ ያለ ጭስ፣ ያለ ፉጨት እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረች።

«ያኔ በዚህ ልክ አድርገነው ነበር እኮ» አለኝ። «ማነው መልሶ የጨመረው?»

እሱ ዓይኑን ላፕቶፑ ላይ እንደተከለ ቀጠለ። «ሳጥኑ መቼ እንደተነካ ይይዛል። የካቲት ስምንት ጉልበቱ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ አንድም እጅ አልገባበትም።»

አስቻለው መኪናዋ ሥር ነበር፤ አልሰማም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ብዕሩ ቆመ። ጻፊ እንጂ!

«ይህን ለመምሬ ይነግራሉ?» አለችኝ።

የጠየቁኝ ለት።

«ጠይቀዎት ነበር።»

ይህን አትጻፊ።

ሚያዝያ 11

ዳማ ጠዋት ጠዋት በደጄ ታልፋለች። ዳገቱን ቀስ ብላ፣ እየተነፈሰች። አስቻለው ቤታችን ጋ ሲደርስ ጡሩምባ አይነፋም፤ ያከብረኛል መሰለኝ። ትዕዛዙ ድምፅዋን ሲሰማ ግራ እጁ ማርሽ እንደሚቀይር ትንቀሳቀሳለች። አያውቅም እንደማየው።

ከዚያ እሑድ ወዲህ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ውኃ አምጣልኝ ስለው ያመጣል። አስቀምጦ ይሄዳል። ልጄ ነህ እኮ አልኩት ትናንት። በሩን ዘጋው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ።

ሚያዝያ 19

ጓዛቸውን ሸክፈዋል። ሰነፎች! ለፋሲካ እንኳ አይቆዩም። ደብረ ብርሃን ወንድሟ ጋ ነው። እዚያ ስለ ግዝት የሚያውቅ የለም ትላለች። አንድ እጅ ይዞ ምን ሊሠራ? በዱላዬ በሩን ዘግቼ ልቀመጥ አስቤ ነበር። ተውኩት።

ደብሪቱን መጨረሻውን ላስጽፍሽ ብዬ ጠራኋት፤ መጣች። ጓዙ ደጅ ነው። እሱ ደጅ ጓዙ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባው ይታየኛል።

ደብተሩ እዚህ ይቀራል። ከናንተ በኋላ ማን ያነብልኛል? የጎረቤት ልጅ አላስነብበውም፤ ይህ የሰው ጆሮ የሚገባበት አይደለም። ስለዚህ አሁን አንብቢልኝ። ሁሉንም አይደለም። የሱ እጅ የጻፈውን፤ የካቲት ላይ ያለችውን። ተንበርክኮ የለመነኝን። አባባ ግዝቱን ያንሱልኝ ያለውን። ድምፁን እንደሱ አድርጊው። እዚያ ብቻ ነው የሚያናግረኝ።

መልሴን ዝለዪው። እሱን አውቀዋለሁ።

አንብቢልኝ ደብሪቱ። የሚወስዳችሁ መኪና ሳይመጣ።

ምን ትጽፊያለሽ? አንብቢ ነው ያልኩሽ። ልጄ ሆይ፣ ብዕሩን አስቀምጪና አንብቢልኝ።